የአኮ ዘሀራ ሙሉ ቃል

ባለፈው ዓመት የውክልና ወረቀት ለማስጻፍ ከሚሴ ሄጄ ነበር። ቢሮው አዲስ ነው፤ ወለሉ ሴራሚክ፣ ወንበሩ ፕላስቲክ። ከመስኮቱ ኋላ የተቀመጠችው ወጣት ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ፣ «በኦሮምኛ ነው በአማርኛ የሚጻፍልዎት?» አለችኝ። ሻይ በስኳር ነው ያለ ስኳር እንደማለት ነው የጠየቀችኝ። ወዲያው ማኅተሙን ከቀለሙ ላይ ጫን አድርጋ ስታነሳው ያ ሽታ መጣ፤ የማኅተም ቀለምና ዝናብ የነካው ወረቀት ሽታ። «የትኛውም ይሁን» ብዬ መለስኩና ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ልጅቷ ያመመኝ መስሏት ውሃ አመጣችልኝ። እሷ በአንድ ትንፋሽ የጠየቀችኝን ጥያቄ ከእኔ በፊት የነበረ ሰው ሁሉ ሳይጠየቅ እንደኖረ በምን ታውቃለች? ይህን በማሰቤ ደግሞ አልተናደድኩባትም፤ እንዲያውም ባታውቀው ይሻላል አልኩ።

ያ ሽታ የአባቴ ኮት ሽታ ነው።

አባቴ ይማም የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነበር። የከሚሴና የጨፋ ገበሬ አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛም ገበያ ላይ የሚያግባባውን ያህል ይችላል። ችሎቱ ግን በአማርኛ ነበር፤ ያውም ከገበያው አማርኛ ጋር ዝምድና በሌለው፣ «ይኸውም» እና «ስለሆነም» በሚበዛበት አማርኛ። በሬ ሲሸጥ ነጋዴውን አፍ የሚያስከፍተው ሰውዬ እዚያ ሲቆም ምላሱ ይታሰራል። ያኔ አባቴ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ቡናማ ኮቱን ቆልፎ በዳኛውና በሰውየው መሃል ይቆማል።

የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የአባቴን ምሳ ማድረስ የእኔ ሥራ ስለነበር በችሎቱ መስኮት ብዙ ነገር አይቻለሁ። ዳኛው ለራሱ የሚናገር ይመስል በዝግታ ያጉተመትማል፤ አባቴ ግን ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «አንድ ዓመት ተፈርዶብሃል!» ይላል። ሰው የሚያለቅሰው አባቴ ሲናገር ነው። ሰው እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ አላህን የሚያመሰግነውም አባቴ ሲናገር ነው። እንግዲህ ዳኛው ማን እንደሆነ ለእኔ ግልጽ ነበር፤ ያ ከፍ ብሎ የተቀመጠው ሰውዬ የአባቴ ጸሐፊ መሆን አለበት። ይህንኑ ትምህርት ቤት ነዛሁ። አንዷ ጓደኛዬ «ዳኛ ከሆነ ለምን በእግሩ ይሄዳል?» ብትለኝ ፀጉሯን ይዤ ተንከባለልን።

አባቴ ይህን ሲሰማ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «ኢንተሎ» አለኝ፤ «ልጄ» ማለቱ ነው፤ «እኔ ቧንቧ ነኝ። ውሃው የእኔ አይደለም፤ በእኔ በኩል ያልፋል።» ለሁለት ቀን አኮረፍኩት። የዳኛ ልጅ ሆኖ አድሮ የቧንቧ ልጅ ሆኖ መነሳት ቀላል አይደለም።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ሆኖት ነበር። ዞናችን የራሱን ምክር ቤት አቁሞ፣ ትንንሾቹ ልጆች በኦሮምኛ መማር ጀምረው፣ ያን ዓመት መስከረም ላይ ደግሞ ፍርድ ቤቱ ሥራውን በኦሮምኛ እንደሚያደርግ ተነገረ። ከተማው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። እናቴ ሀዋ ሹም ወይም መምህር ባለበት ኦሮምኛ ከተናገርኩ ጭኔን በቁንጥጫ የምታነድ ሴት ነበረች፤ «በሰው ፊት!» ትለኝ ነበር። ሰው ማለት አማርኛ የሚናገር ሰው ነው፤ እኛ ምን እንደሆንን እንጃ። ያን ሰሞን እሷው ራሷ የሰፈሩ ሱቅ በር ላይ ቆማ ከመንገዱ ማዶ ያለችውን ጎረቤታችንን በኦሮምኛ ስትጣራ ሰማኋት፤ ያውም ጎረቤቷ አጠገቧ መጥታም ድምፅዋን አልቀነሰችም። ደስ ብሏት ነበር። እኔም ደስ አለኝ፤ ጭኔ ደግሞ ከሁላችንም በላይ።

የአባቴ ሥራ ግን ከሥሩ እየተነቀለ ነበር። ዳኛውም ባለጉዳዩም በአንድ ቋንቋ ከተነጋገሩ አስተርጓሚ መሃል ገብቶ ምን ይሠራል? ሬጅስትራር፣ ማለት የመዝገብ ኃላፊ፣ ሊያደርጉት ቃል ገብተውለታል፤ ለዚያ ደግሞ በላቲን ፊደል የሚጻፈውን ቁቤ ማወቅ አለበት። ስለዚህ በአማርኛ ፊደል አጣጣሉ ወረዳው ሁሉ የሚቀናበት ሰው፣ አንደኛ ክፍል የገባችው እህቴ ሰዓዳ ጎን ተቀምጦ በእሷ ደብተር ላይ ይለማመድ ጀመር። ሰዓዳ ምሕረት የላትም። «አባ፣ ድምፁ ሲረዝም ሁለት ነው የሚጻፈው አላልኩህም?» እያለች እስክሪብቶውን ከእጁ ትነጥቃለች። እሱም «ይቅርታ፣ መምህርት» ይላታል።

ከፍርድ ቤቱ በር አጠገብ ትልቅ ዋርካ ነበር፤ ከሥሩ አኮ ዘሀራ ትቀመጣለች። አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፤ የሥጋ አያቴ አልነበረችም፣ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ግን እንዲያ ይጠራታል። እሁድ እሁድ ሰንበቴ ገበያ ወርዳ ከአፋር ሴቶች የዘንባባ ቅጠል ትገዛና ሳምንቱን ሙሉ ሰሌን ትታታለች። ከዘበኛው ቀድማ ትመጣለች፤ በሩ ሲዘጋ ትነሳለች። ስለዚህ የፍርድ ቤቱ ሠራተኛ ትመስለኝ ነበር፤ ለመሥሪያ ቤቱ ሰሌን የምትሠራ የመንግሥት ሠራተኛ። አባቴ ሁልጊዜ ምሳውን እኩሌታ በልቶ የቀረውን «ለአኮ ስጫት» ይለኛል። ይህን ሲል ወደ ዋርካው ቀና ብሎ አያይም። ሶደቃ፣ ማለት ምጽዋት፣ መስሎኝ ነበር። ቀኝ እጅ የሰጠውን ግራ እጅ አይወቅ የሚለውን መድረሳ ስለተማርን፣ አባቴ ይህንኑ በዓይኑ የሚፈጽም መስሎኝ በልቤ አደንቀዋለሁ።

አንድ ቀን ምሳውን ሰጥቻት አጠገቧ ቁጭ አልኩና «አኮ፣ ደመወዝዎ ስንት ነው?» አልኳት።

የያዘችው ቅጠል ከእጇ ወደቀ። «ደመወዜ? ወላሂ ስምንት ዓመት ሙሉ አልከፈሉኝም!» ብላ ከትከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ነገረችኝ። ንግግሯ ሁሉ በኦሮምኛ ነበር፤ እዚህ ወደ አማርኛ ስመልሰው የአባቴን ስህተት እንዳልደግም እፈራለሁ።

ባሏ ከሚሴ ውስጥ ከዋናው መንገድ ጀርባ ባለ ሁለት ክፍል ቆርቆሮ ቤት ትቶላት ሞተ። ሁለት ትንንሽ ልጆች ነበሯት። የምታበላቸው ስታጣ ጨፋ ያለው ወንድሟ ዘንድ ገብታ ማሽላ እያረመች ልታሳድጋቸው ወሰነች፤ ቤቱን የባሏ ታናሽ ወንድም ሰይድ እንዲኖርበት በአማና፣ ማለት በአደራ፣ ሰጠችው። ልጆቿ ሲጎረምሱ ሊመልስላት። ሲጎረምሱ መጥታ ብትጠይቀው «ሰጥተሽኝ የለም እንዴ?» አላት። ከሰሰችው፤ ተፈረደባት፤ ቃሏ እስኪሰማ ብላም ያንን በር አልለቅ አለች። ሰይድ ነጋዴ ነው፤ አማርኛው ይፈስለታል።

«እኔም ዳኛው ፊት ቆሜ አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ» አለችኝ። የተጠቀለለውን የሰሌን ጥብጣብ አንስታ ፈታችው፤ ከእግሯ ሥር ተነስቶ እስከ ዋርካው ግንድ ደረሰ። «የተናገርኩት ይህን ያህላል። አባትሽ ወደ አማርኛ ሲመልሰው ግን…» ትንሿን ጣቷን አሳየችኝ። «ይችን አከለ። ያን ጊዜ ነው አማርኛ አጭር ቋንቋ መሆኑን ያወቅኩት። አጃኢብ ነው! ታድለዋል፤ ነገራቸው ቶሎ ያልቅላቸዋል።»

ፊቷን አየሁት፤ እየቀለደች አልነበረም። እኔ ግን ግራ ገባኝ። የአማርኛ አስተማሪያችን «አሁንም አርዝሙት» እያለ ድርሰት የሚመልስብን ሰው ነበር።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። የዚያን ሳምንት ዓርብ፣ ከጁምአ መልስ ገበታ ከበን ሳለን፣ ላስቃቸው ብዬ «አኮ ዘሀራ አማርኛ አጭር ቋንቋ ነው ትላለች» ብዬ ጀመርኩ። ሰሌኑንም ጣቷንም እያሳየሁ እስከ መጨረሻው ተረኩት። ሰዓዳ ብቻ ሳቀች። አባቴ ወደ አፉ ያነሳትን ጉርሻ መልሶ ትሪው ላይ አኖረ። እጁን ሳይታጠብ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ከአጥሩ ጥግ ልብስ ሳጥብ ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁት። ያን ጊዜ፣ በደርግ ዘመን፣ አዲስ ተቀጣሪ ነበር። ዳኛው ወደ ደሴ የሚሄድ አውቶቡስ እንዳያመልጠው ሰዓቱን ያያል። ዘሀራ ስለ ባሏ ቀብር፣ ስለ ልጆቿ፣ ሰይድ እጇን ይዞ ስለገባላት ቃል ታወራለች። ዳኛው «አሳጥረው!» አለው። አባቴ ሁለት ዓረፍተ ነገር ተረጎመ። «አሳጥረው አልኩህ እኮ!» አለው ዳኛው። «እኔም ‹ቤቱን ሰጠሁት ትላለች› አልኩ» አለ አባቴ። «አማናውን ዋጥኩት። ስምንት ዓመት ሙሉ ሴትዮዋ በር ላይ ተቀምጣ የምታየኝ አውቃ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አላወቀችም። ጥፋቱን በአማርኛ ላይ ነው የጣለችው!»

«አሁን ምን ልታደርግ ነው?» አለች እናቴ።

«አዲስ ማስረጃ ሲገኝ መዝገቡ እንደገና ይታያል። ከእኔ በቀር ማስረጃ የላትም።»

«ሬጅስትራርነቱስ? አሳስቼ ነበር ያለን ሰው መዝገብ ያስይዙታል? ልጆችህን ምን ልታበላ ነው፣ ቁቤ?»

 እኔ የአንዱን ሸሚዝ እጅጌ ሦስት ጊዜ አጠብኩ። እናቴ ክፉ ሴት እንዳትመስላችሁ፤ የተናገረችው እውነቷን ነው፣ በቤታችን ሌላ ገቢ አልነበረም።

ሰኞ ምሳውን ሳደርስ አባቴ «ነይ ተከተይኝ» አለኝ። መዝገብ ቤት ገባን። እዚያ ወይዘሮ አስካለ ነበረች፤ ከመንዝ መጥታ ከሚሴ የከረመች የፍርድ ቤቱ ታይፒስት፣ አንገቷ ላይ ማተብ፣ ጣቶቿ ላይ የካርቦን ጥቁር። ያን ሰሞን እሷም ደህና አልነበረችም። የጽሕፈት መኪናዋ በጨርቅ ተሸፍኖ፣ በቁቤ የሚጽፍ ወጣት መጥቶ ነበር። ጎረምሶች በሩ ላይ «ቀናችሁ አለፈ!» ሲሏት ሰምቻለሁ። የመለሰችላቸው አኮ ዘሀራ ናት፤ ከዋርካው ሥር ሆና ቀና ሳትል «ቀን የአላህ ነው። የእናንተ መቼ ሆነ?» አለቻቸው።

«አቶ ይማም፣ የስምንት ዓመት መዝገብ ከዚህ ጉድ ውስጥ?» አለች አስካለ ጣሪያውን እያየች። ቆርቆሮው ያፈሳል፤ መደርደሪያው እስከ ኮርኒሱ ታጭቋል። እኔ ቀላል ስለነበርኩ ላይ አወጡኝ። ያ የማኅተም ቀለምና የእርጥብ ወረቀት ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ከብዙ ማስነጠስ በኋላ ጫፉ የሻገተ መዝገብ አቀበልኳቸው። አስካለ ገለጠችው። የአኮ ዘሀራ ቃል አንድ መስመር ናት፤ «ከሳሽ ቤቱን ለተከሳሽ መስጠቷን ገልጻለች።» ከዚያ በታች ፊርማና ማኅተም።

አስካለ ጣቷን በመስመሯ ላይ አስኬደች። «ይህን የመታሁት እኔ ነኝ» አለች። «የሰማሁትን ነው የመታሁት። ሴትዮዋ ያን ያህል ጊዜ ስትናገር ቆይታ አንድ መስመር ብቻ መሆኑ ግር ብሎኝ ነበር። ዝም አልኩ።» ከዚያ አባቴን አየችው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ አቶ ይማም። ይሂዱና ይንገሯት።»

ሄደ። በመስኮቱ በኩል አየሁት፤ ኮቱን ቆልፎ ዋርካው ሥር ቆመ። ስለራቅኩ የሚለው አይሰማኝም። አኮ ዘሀራ ሰሌኗን መታታት አላቆመችም። ብዙ ተናገረ። በመጨረሻ እጇን አነሳችና ጥቂት ቃል አለችው። ተመልሶ ሲመጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር።

«ምን አለችህ አባ?»

«‹ለእኔ አትንገረኝ፤ እኔ ያልኩትን አውቀዋለሁ። ላልሰሙት ንገራቸው› አለችኝ።»

የዚያን ቀን ምሳውን ይዤላት ብሄድ አልነካችውም። እንደታሰረ መለሰችልኝ። በማግሥቱም፣ በሦስተኛው ቀንም እንዲሁ። ሶደቃ ሳይሆን የጥፋት ካሳ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። ከጨርቁ ቋጠሮ ጋር ወደ አባቴ ስመለስ፣ አንድ ሰው ባዶ ሆዱን ውሎ እንኳ አልቀበልም ሊል እንደሚችል ተማርኩ። አዘንኩባት፤ ግን ደግሞ ትክክል ናት አልኩ።

የአኮ ማመልከቻ ከአባቴ ምስክርነት ጋር ገባ፣ ቀጠሮ ተሰጠ። ታኅሣሥ ነበር፤ የጨፋ ማሽላ ተቆርጦ ወደ አውድማ የሚገባበት ጊዜ። ሆኖም ሰው ሥራውን ጥሎ መጣ፤ አንዱ ለዘሀራ፣ አንዱ ለሰይድ፣ አብዛኛው ግን ችሎት በገዛ ቋንቋው ሲናገር ለመስማት። እኔም ከትምህርት ቤት ጠፋሁ፤ እስከ ዛሬ አልተጸጸትኩም። ጠዋት እናቴ የከሰል ካውያውን አቀጣጥላ የአባቴን ኮት ተኩሳ ሰጠችው።

ዳኛው ወጣት ነው፤ ያገራችን ልጅ። በቀኙ ያ በቁቤ የሚጽፈው ወጣት። አስካለ ሥራ ስለሌላት ከኋላ አግዳሚ ላይ ከባለጉዳዩ ጋር ተቀምጣለች። መጀመሪያ አባቴ ተጠራ። ቆሞ የሆነውን ሁሉ ሳይቀንስ ተናገረ።  ሰይድ እጁን አወጣ፤ «ጌታዬ፣ ያን ጊዜ ዋሽቻለሁ ያለን ሰው ዛሬ ለምን ታምኑታላችሁ?» አለ። እውነቱን ነው፤ ጥያቄው ጥያቄ ነበር። ዳኛውም ወደ አባቴ ዞሮ «ምን ትላለህ?» አለው።

«አትመኑኝ» አለ አባቴ። «የቃሉ ባለቤት እዚህ አሉ። ያለ እኔ ይናገሩ።» ብሎ በዳኛውና በሰው መሃል ከሚቆምባት ቦታ ተነስቶ ግድግዳ ተደገፈ።

አኮ ዘሀራ ወጣች። «ባሌ ረመዷን በገባ በሦስተኛው ቀን ሞተ» አለች በኦሮምኛ። ከዚያ ቆመች። ፊቷን ወደ ቀኝ አዙራ ጠበቀች። ማንም አልተናገረም። አስተርጓሚ ይቆምበት የነበረው ቦታ ባዶ ነው።

ዳኛው «ሰምቻለሁ፤ ይቀጥሉ» አላት።

«ሁለት ልጆች ነበሩኝ» አለች። አሁንም ቆማ ወደ ቀኝ ዞረች። ሰው ፈገግ ማለት ጀመረ። በሦስተኛው ላይ ስትዞር እሷ ራሷ ሳቀች። «አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ልጄ፤ ስምንት ዓመት ዋርካ ሥር ስለማመደው የኖርኩት እንዲህ እያቆምኩ ነው። ዳኛ እኔን በቀጥታ ይሰማኛል ብዬ አላሰብኩም።»

አዳራሹ ሳቀ፤ አንዳንዱ ሽማግሌ ግን በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ይጠርግ ነበር። ምን እንዳስለቀሳቸው አልገባኝም። አሁን ይገባኛል፤ ብዙዎቹ እዚያች ቦታ ላይ ቆመው ያውቃሉ።

ከዚያ አኮ ዘሀራ ያልጠበቅነውን አደረገች። ወደ ኋላ ዞራ አስካለን በጣቷ አሳየች። «ያቺ ሴት ትስማ» አለች። «ያኔ ቃሌን የጻፈችው እሷ ናት፤ መዝገቤን ከዝናብ ያወጣችውም እሷ ናት። ኦሮምኛ አትችልም። ይማም ይንገራት።»

ሰይድ ብድግ አለ። «ቋንቋችን ገና ዛሬ ችሎት ቢገባ ዛሬም በአማርኛ?» ከሰዉም «ልክ ነው» የሚል ጉርምርምታ ተሰማ። አኮ ዘሀራ እስኪያልቅላቸው ጠበቀች።

«እኔ ቃሌ ሳይሰማ ተቀምጬ የነበርኩ ሰው ነኝ» አለች። «ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። እኔ ባለሁበት ችሎት ሌላ ሰው እንደዚያ አይቀመጥም።»

ጉርምርምታው ቆመ። ዳኛው ለአባቴ ራሱን ነቀነቀ። አባቴ ከግድግዳው ተላቅቆ መጣ፤ ጉሮሮውን ጠረገ። አኮ ትናገራለች፣ እሱ ወደ አማርኛ ይመልሳል። የባሏን ቀብር መለሰ። የልጆቿን ረሃብ መለሰ። ሰይድ እጇን በሁለት እጁ ይዞ «በአላህ ስም» ማለቱን መለሰ። «ቤቱን በአማና ሰጠሁት፤ ልጆቼ ሲጎረምሱ ሊመልስልኝ» አለች።  አባቴም ያን ጊዜ የዋጣትን አማና ሳያስቀር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቃል መለሰው። አስካለ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። አኮ ስለ ማሽላ አረሙ ቀጠለች፣ እሱም ስለ ማሽላ አረሙ ቀጠለ። እንዲህ ሲል ሲል አኮ ዘሀራ ንግግሯን አቋርጣ አባቴን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ለካ አማርኛም ረጅም ነው!» አለች።

ዳኛው እንኳ ሳቁን ደብተሩ ውስጥ ቀበረ።

ከዚያ ዳኛው ሰይድን በኦሮምኛ ጠየቀው፤ «አማና ብለውሃል አላሉህም?» ሰይድ በአማርኛ ክዶ ያውቃል። በእናቱ ቋንቋ፣ የወንድሙ ሚስት ዓይን ዓይኑን እያየችው፣ አጎቶቹ ከኋላ ተቀምጠው ሲጠየቅ ግን ወለሉን አየ። «ብለዋል» አለ። ቋንቋ ብቻ ነው እውነቱን ያወጣው አልልም፤ ሰው በኦሮምኛም ይዋሻል፣ አሳምሬ አውቃለሁ። የዚያን ቀን ግን ከበደው።

ጥር ሲገባ ቤቱ እንዲመለስላት ተፈረደ። አባቴ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰው፤ ሬጅስትራርነቱንም ሌላ ሰው ወሰደው። እናቴ ሁለት ቀን አላናገረችውም፣ በሦስተኛው ቀን እንጀራ ለሆቴል እያቀረበች መሸጥ ጀመረች። እሱም በዚያው በአስተርጓሚነቱ ቀረ፤ ኦሮምኛ ለማይችለው ወደ አማርኛ፣ አማርኛ ለማይችለው ወደ ኦሮምኛ። ሰው ከበፊቱ ይልቅ ይፈልገው ጀመር፤ «ይማም አያስቀርም» ይባል ነበር። ከእሱ ጋር በዋናው መንገድ ስንሄድ ሰው ቆሞ ሰላም ሲለው፣ የሰዉን ፊት በዓይኔ እቆጥር ነበር። ኮራሁበት። እስከ ዛሬም በምንም ነገር እንደዚያ አልኮራሁም።

አኮ ዘሀራ ቤቷን የተረከበች ዕለት ሰፈሩን ጠራች። ልጆቿ ከጨፋ መጥተው ግድግዳውን መርገዋል፤ ወለሉ ላይ ከዳር እስከ ዳር አዲስ ሰሌን ተነጥፏል። አስካለ በበሩ በኩል በፍርሃት ብቅ ብትል አኮ እጇን ይዛ ከጎኗ አስቀመጠቻት። ሽማግሌዎችና ሼሁ ሁሉም ተሰብስበዋል። ቤት ሲገባ ዱኣ የሚያደርገው ሼሁ ነው፤ ሁላችንም እጃችንን ዘርግተን ወደ እሱ ዞርን።

አኮ ዘሀራ ግን «ሼኽ፣ አውፍ ይበሉኝ» አለችና በሩ ጥግ ወደ ተቀመጠው አባቴ ዞረች። ከዋርካው ሥር ከተነጋገሩ ወዲህ በስሙ ጠርታ ስታናግረው የመጀመሪያዋ ነበር።

«ይማም፣ ለቤቴ ዱኣ አድርግልኝ» አለችው።

አባቴ ደነገጠ። «እኔ? እኔ ሼኽ አይደለሁም አኮ።»

«አውቃለሁ። ጀምር» አለችው። «ግን እንዳታሳጥርብኝ።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አባቴ አልሳቀም። እጁን ዘረጋ። ለሟች ባሏ ለመነ፣ ለልጆቿ ለመነ፣ ለሰይድ ሳይቀር ለመነ። አንዱን በኦሮምኛ ይልና ያንኑ በአማርኛ ይመልሰዋል፤ እኛ «አሚን» እንላለን፣ አስካለ «አሜን» ትላለች። ክንዳችን ዛለ። ሰዓዳ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች። ማንም ግን ይብቃህ አላለውም፤ አኮ ዘሀራ ዓይኗን ጨፍና እያንዳንዱን ቃል ትሰማ ነበር።